ራሷን ከሜዳ ያስወጣችው ዳኛ

መልኳ የጠይም ጠይም ነው፤ ከተማው በሙሉ ግን «ቀይዋ» ይላታል። መልኳን አይቶ ሳይሆን ኪሷን አይቶ ነው። ዳኝነት በጀመረችበት ዓመት በአንድ ጨዋታ ብቻ አራት ቀይ ካርድ መዘዘች፤ አራተኛው ለአሰልጣኙ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቷ ያወጡላት ስም መታወቂያዋ ላይ ብቻ ቀረ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ታስተምራለች። ቅዳሜና እሁድ የወንዶቹን ሁለተኛ ሊግ ታጫውታለች። በወንዶች ሜዳ ፊሽካ የያዘች ሴት የምትሰማው ስድብ ተጽፎ ቢቀመጥ አንድ ወፍራም መዝገብ ይወጣዋል። «ዳኛዋ አታይም!» «መነጽር ግዙላት!» ይሄ ለሁሉም ዳኛ የሚባል ነው፤ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በአርባ አንድ ዓመቷ ግን ከስድቡ አንዱ እውነት እየሆነ ነበር። ተሳዳቢዎቹም አላወቁም፣ እሷም አላወቀች።

ነገሩ የፈነዳው በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀረው እንግዶቹ በግራ በኩል ሰብረው ገቡና አገቡ። ቀይዋ እየሮጠች ፊሽካዋን ነፋች፤ በእጇም ወደ መሃል ሜዳ አመለከተች፦ ጎል። ሜዳው ተናወጠ። ባለሜዳዎቹ ግር ብለው ከበቧት፤ አንዱ ወደ ግራ እየጠቆመ «ባንዲራውን! ባንዲራውን እዪ!» ይላል። አንገቷን ሙሉ በሙሉ ስታዞር መስመር ዳኛው ባንዲራውን ሽቅብ ሰቅሎ፣ ክንዱ እስኪዝል ቆሟል። ከጨዋታ ውጪ ነበር። ጎሉን ሻረች። አሁን ደግሞ እንግዶቹ አበዱ። ከደጋፊ መቀመጫ የውሃ ጠርሙስ ይዘንብ ጀመር። እንደምንም ጨዋታውን ጨርሳ ወደ መልበሻ ክፍል ገባች።

መስመር ዳኛውን «ሽቦው» ይሉታል። ቀጭንና ረጅም ነው፤ በሥራ ቀን ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ቀይዋ ገና በሩን ሳትዘጋው ቀደመችው።

«ምን ነክቶህ ነው ባንዲራውን ያዘገየኸው?»

ሽቦው ጫማውን እየፈታ ነበር። ቀና አለ።

«እኔ ነኝ የዘገየሁት? ኳሷ ወደ ጎል ሳትለጋ ነው ያነሳሁት። እስከ አሥራ አምስት ቆጥሬያለሁ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ አደረግሽኝ፤ ከዚያ በፊትም። ሦስተኛሽ ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።»

«አታይም ልትለኝ ነው? አንተም እንደነሱ?»

«ነይ እዚህ ቁሚ። አፍንጫዬን ብቻ ተመልከቺ። አታንቀሳቅሺ ዓይንሽን።»

ተናዳ ስለነበር፣ ልታሳፍረው ቆመች። ሽቦው ረጅሙን ክንዱን ወደ ግራ ጎኗ ዘረጋና ጣቶቹን አንቀሳቀሰ።

«ስንት ጣት ነው?»

«የት?» አለች ቀይዋ።

ሽቦው እጁን ቀስ ብሎ አወረደና ጫማውን ወደ መፍታቱ ተመለሰ።

ቀይዋ ግን እልኸኛ ናት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መነጽር ቤት ሄደች። ሻጩ የፊደል ሰሌዳውን አበራላት፤ ከላይ እስከ ታች፣ እስከ መጨረሻዋ የጉንዳን እግር የምታክል መስመር ድረስ ሳትደናቀፍ አነበበች። «የሃያ ዓመት ልጅ ዓይን ነው ያለሽ» አላት ሰውዬው። ደረቷን ነፍታ ወጣች። ለሽቦው ደወለችና «ጣትህን ይዘህ ተቀመጥ» ብላ ዘጋችበት። ሁለት ወር እንዲሁ አለፈ። ባንዲራ እንዳያመልጣት በሮጠች ቁጥር አንገቷን እንደ ዶሮ ወዲህ ወዲያ ታዞር ጀመር፤ ለምን እንደምታዞር ግን ራሷን አልጠየቀችም።

ያስቆሟት እናቷ ናቸው። እናቷ ዓይናቸው ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ፤ ክሩን በጣታቸው እየቆጠሩ አንዲት ቋጠሮ እንኳ አይስቱም። አንድ ምሽት ቀይዋ ቦርሳዋን አንግታ ስትገባ ትከሻዋ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። የእናትየው እጅ ቆመ።

«ዛሬም መታሽ?»

«ምኑ?»

«መቃኑ ነዋ። ግራውን። ከወር ወዲህ ሰባት ጊዜ ሰምቻለሁ።»

«ቸኩዬ ነው እማዬ።»

«እኔም ቸኩዬ ነው እል ነበር» አሉ እናቷ። ሹራቡን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ‘ሴትዮ በሩን ላሰፋልሽ ነው’ እያለ ይስቅብኝ ነበር። ቀጥሎ የደረጃው ጫፍ ይጠፋኝ ጀመር። ከዚያ ከጎኔ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከመሬት ውስጥ የበቀለ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። ፊት ለፊት ግን መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ! ለማን ልንገር? መርፌ የምታይ ሴት ዓይኔ ጠፋ ብትል ማን ያምናታል? ሲብስብኝ ሁሉም ‘እርጅና ነው’ አለኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። የምን እርጅና!»

ቀይዋ ቦርሳዋን እንዳነገተች ቆማ ቀረች። ባለፉት ሁለት ወራት ስትሸሸው የነበረው ነገር ሁሉ ከእናቷ አፍ አንድ በአንድ ወጣ።

«ነገ ትሄጃለሽ» አሉ እናቷ። «ሰሌዳ የሚያስነብብሽ ጋ አይደለም። የዓይንሽን ውስጥ የሚያይ ሐኪም ጋ።»

የዓይን ሐኪሟ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ነበረች። ስለ ቤተሰቧ ጠየቀቻት፤ ስለ እናቷ ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠችና ወንበሯን ጠጋ አደረገች። የሚያደነዝዝ ጠብታ ጨመረችላት፤ አገጯን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ሰማያዊ መብራት እስከ ዓይኗ ድረስ አስጠጋች። የዓይን ውስጥ ግፊት መለካቱ ነው። ከሃያ አንድ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የቀይዋ ግራ ዓይን ሠላሳ አራት፣ ቀኙ ሃያ ሰባት ሆነ። ቀጥሎ የዓይኗን ብሌን በጠብታ አስፍታ በስተኋላ ያለውን ነርቭ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

ከዚያ ጨለም ወዳለ ክፍል ላከቻት። እዚያ ግማሽ ኳስ የመሰለ ነጭ ጎድጓዳ ነገር አለ። አንድ ዓይን ይሸፈናል፤ ሌላው መሃሉ ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ ያያል፤ ዙሪያውን ትናንሽ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። ቀይዋ ውድድር ነገር ሲያገኛት ደሟ ይሞቃል። አንዲትም ያመለጣት ሳይመስላት ተጫነች። ስትወጣ «ሁሉንም አግኝቻለሁ» አለችው ለባለሙያው፤ ባለሙያው ራሱን ነቀነቀና ወረቀቱን ሰጣት።

ይዛው ወደ ሐኪሟ ተመለሰች። በወረቀቱ ላይ ሁለት ክብ ነበር። የግራው መሃሉ ብቻ ነጣ ብሎ ዙሪያው ከሰል ሆኗል። የቀኙ በአፍንጫ በኩል እንደ ማጭድ የታጠፈ ጥቁር ጀምሮታል።

«ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው ዶክተር?»

«መብራት የበራበት፣ እርስዎ ግን ያላዩት ቦታ ነው።»

«እኔ ጥቁር ነገር አይቼ አላውቅም!»

«አይታይም እኮ» አለች ሐኪሟ። «ዓይን ያላየውን ‘አላየሁም’ ብሎ አይነግርም። አንጎል ከዳር ከዳር እየሞላ ያሳልፈዋል። ይሄ ግላኮማ ነው። የግላኮማ ተንኮሉ እሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አያምም፣ አይቀላም፣ ከጫፍ ጀምሮ ድምፁን አጥፍቶ ይወስዳል። መሃሉን ለመጨረሻ ይተወዋል። ለዚህ ነው ሰሌዳውን አንብበው የሚያልፉት።»

«የዓይን ሞራ ከሆነ ይገፈፍልኝ» አለች ቀይዋ፤ ተስፋ የጣለችበት ቃል እሱ ነበር።

«ሞራ ቢሆን እኔም ደስ ባለኝ። ይሄ ሌላ ነው።» ሐኪሟ ወረቀት ገልብጣ ዓይን ሣለች። ዓይን ውስጥ ንጹሕ ውሃ አለ፤ እንባ አይደለም፤ ውስጥ ተሠርቶ፣ በጠርዙ ባለች ወንፊት በመሰለች መውጫ ቀስ እያለ ይፈሳል። የአንዳንድ ሰው መውጫ እየደነደነ ይሄዳል፤ ውሃው መሠራቱን አያቆምም፤ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ወደ አንጎል የሚሄዱትን የነርቭ ክሮች አንድ በአንድ ይገድላቸዋል። ግፊቱ ከፍ ሳይልም የሚጎዳ ነርቭ አለ። ዓይኑን የተመታ፣ የአንዳንድ መድኃኒት ጠብታ ለብዙ ጊዜ የተጠቀመ፣ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ይበልጥ ይጠቃል። ከሁሉም በላይ ግን በቤተሰብ ይወረሳል።

«የጠፋውስ?» አለች ቀይዋ።

«የጠፋው አይመለስም። አልዋሽዎትም። የቀረውን ግን አብረን እንይዘዋለን። ደግሞ የቀረው ብዙ ነው።»

ከሐኪም ቤቱ ውጪ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ አላፊ አግዳሚው እስኪዞር ድረስ። ስታበቃ ፊቷን በውሃ ታጠበችና አውቶቡስ ተሳፈረች። እቤት ሳትደርስ የስንብት ደብዳቤዋን በሐሳቧ ጽፋ ጨርሳ ነበር።

እንድትለቅ ማንም አልጠየቃትም። ሽቦው ራሱ «ጠብታውን ጀምሪና ትንሽ ታገሺ፣ እኔ በግራ በኩል እጮህልሻለሁ» ብሏት ነበር። ፊት ነሳችው። ለዳኞች ኮሚቴ ያስገባችው ደብዳቤ አምስት መስመር ብቻ ነው፦ «ሜዳው ላይ የማላየው ቦታ እንዳለ በምርመራ ተረጋግጧል። ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ መፍረድ አልችልም። ያላየሁት ጥፋት የተጫዋች እግር ይሰብራል። ስለዚህ ከዋና ዳኝነት ራሴን በቀይ ካርድ አስወጥቻለሁ። ይግባኝ የለውም።»

ሕክምናው የተጀመረው በጠብታ ነው። ማታ ማታ በሁለቱም ዓይን አንድ አንድ ጠብታ፤ ከዚያ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ጫን አድርጎ አንድ ደቂቃ መቆየት። ቀላል ይመስላል። ችግሩ ጠብታው ያቃጥላል እንጂ ምንም ሲጨምር አይታይም። ራስ ምታት ቢሆን ይተዋል፣ ቁስል ቢሆን ይድናል፤ ይሄ ግን ዛሬም እንደ ትናንቱ ነው። «ምን አመጣልኝ?» ብላ የተማሪዎቿን ውድድር ይዛ በሄደችበት ሰሞን አሥራ አንድ ቀን ዘለለች። ሐኪሟ ግፊቱን ስትለካ ዝግ ያለው ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ።

«ጠብታው እንዲጨምርልሽ አይደለም የሰጠሁሽ! እንዳይወሰድብሽ ነው! ምንም ለውጥ ካላየሽ ሠርቷል ማለት ነው፤ ገባሽ?»

«እርስዎ» ማለቱ ያን ቀን ቀረ። ቀይዋም ገባት። ከዚያ ወዲያ ቁጥጥሩን እናቷ ተረከቡ። የማታው የራዲዮ ዜና ምልክት ሲሰማ ከመስኮቱ አጠገብ «ጠብታ!» ይላሉ፤ ልጃቸው ጨምራ ስትቀመጥ አንዷን ደቂቃ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። አንድም ቀን ከስድሳ በፊት አቁመው አያውቁም።

ቀኙ ዓይን ታዘዘ። ግራው አሻፈረኝ አለ፤ ሁለተኛ ጠብታ ተጨምሮበትም ከሃያ አራት አልወርድ ሲል ሐኪሟ ቀዶ ሕክምና አለች። ቀይዋ ሳትተኛ፣ ዓይኗ ብቻ ደንዝዞ፣ ሐኪሟ ከላይኛው ሽፋን ሥር ለውሃው አዲስ መውጫ ከፈተችለት። ሽቦው ሊጠይቃት መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ሃያ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው እኮ! መውረጃው ከተደፈነ ሌላ መውረጃ። ዶክተሯ ሥራ ስታጣ እኔ ጋ ትምጣ!» ሦስት ሳምንት መሮጥም ማጎንበስም ተከለከለች። ተማሪዎቿን ወንበር ላይ ተቀምጣ አሰለፈች። በመጨረሻ ግፊቱ ተለካ፤ አሥራ ሁለት! ሐኪሟ ቁጥሩን ሁለቴ አነበበችው። ቀይዋ ከወንበሩ ተነሥታ ልታቅፋት ስትል «ቀስ! ቀስ!» አለቻት፤ ግን ራሷ ቀድማ አቀፈቻት።

አሁን የቀረው ወንድሟ ነበር። ወንድም ጋሼ ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የስድስት ዓመት ታላቋ። «ተመርመር» ባለችው ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። «እኔ ከሩቅ ድመት አይቼ ፍሬን የምይዝ ሰው ነኝ። ዓይኔን ተዪው» ይላታል። ስድስት ወር ለመነችው። በመጨረሻ እናቷ ስልኩን ተቀበሏት።

«የኔ ልጅ፣ ሐኪም ቤት ውሰደኝ። እህትህ ሥራ አለባት።»

እምቢ ሊል አይችልም። ይዟቸው መጣ። ሐኪሟ የእናትየውን ዓይን አየች። ግራው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ቀኙ ግን መብራት የመጣበትን አቅጣጫ ይለያል፤ በአንድ ጎን የእጅ እንቅስቃሴም ይታየዋል። ያቺን ለማቆየት ጠብታ ታዘዘላቸው። እናት ወረቀቱን አጥፈው በደረታቸው ሸጎጡና ከወንበሩ ሳይነሡ «እኔ ጨርሻለሁ፤ አሁን ተራው የሱ ነው» አሉ።

ወንድም ጋሼ ወደ በሩ አየ። እናቱ እጁን ጨብጠው ይዘውታል። «እማዬ፣ መኪናዬ የቆመው ማቆም የተከለከለበት ቦታ ነው...» አለ። «ይከልክሉት» አሉ እናቱ። ተቀመጠ።

የእሱ ግፊት ሃያ ዘጠኝ ነበር። ነርቩ ገና መጎዳት መጀመሩ ነው፤ የዕይታ ወረቀቱ ግን ሁለቱም ክብ ነጭ፣ እንከን የሌለው ሆኖ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪሟ መውጫዋን በጨረር ከፈት አደረገችለት፤ ለአንድ ዓይን ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀም። «በቃ? ይኸው ነው?» አለ፤ ፍርሃቱ እያሳፈረው። ዛሬም ይነዳል። ሙሉ ዕይታውን እንደያዘ ነው። ከመንገድ ላይ እየደወለ «ተለካሁ፣ አሥራ ስድስት!» ሲላት እሽቅድምድም ያሸነፈ ይመስላል። እናታቸውም ያቺ የቀረቻቸው ብርሃን አልጠፋችባቸውም። «ነጋ ወይ ብዬ ሰው አልጠይቅም። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» ይላሉ።

ቀይዋ ግን በቤተሰቧ አልበቃትም። በዓመቱ መጨረሻ ዳኞቹ ለጤና ምርመራ ሲጠሩ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። የዳኞቹ ምርመራ ሰሌዳ ማንበብ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ የግፊትና የዕይታ ምርመራ እንዲጨመር ጠየቀች። ሰብሳቢው የድሮ ዳኛ ነው፤ «እኛ ሠላሳ ዓመት በሰሌዳ ነው የሠራነው፤ ምን ሆንን?» አለ። ሰዎች ሳቁ። ቀይዋ አልሳቀችም። አሰልጣኞች አሰላለፍ የሚያሳዩበትን ነጭ ሰሌዳ ጎትታ አመጣችና ሜዳ ሣለች፤ የራሷን ወረቀት እያየች ግራውን ጎን በጥቁር ቀለም ሞላችው። ጥቁሩ አንዱን መስመር ዳኛ፣ አንዱን ተከላካይና አንዱን የማዕዘን ባንዲራ ዋጠ።

«ይህን ሜዳ ያጫወተችው ዳኛ» አለች፣ «ሰሌዳውን እስከ መጨረሻዋ መስመር አንብባ ‘ብቁ’ ተብላለች። ማኅተም አለው። ዳኛዋ እኔ ነኝ።»

የሚስቅ ጠፋ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ወለወለና «መጀመሪያ የሚመረመረው ማን ይሁን?» አለ። «አንተ» አለችው። እጁን አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ውሳኔው አለፈ።

አርባ ስድስት ዳኞች ተመረመሩ። ሰብሳቢው ንጹሕ ነው ተባለ፤ ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ከረመ። ሦስቱ ላይ ግን ግላኮማ ተገኘባቸው፤ ሦስቱም ምንም ሳይታወቃቸው፣ ሦስቱም በጊዜው። አንደኛው ሠርጉ ከተደረገ ሁለት ወር ያልሞላው መስመር ዳኛ ነበር። መጀመሪያ «ስሜን አጠፋሽ፣ እንጀራዬን ዘጋሽ» ብሎ ትምህርት ቤቷ ድረስ መጥቶ ጮኸባት። በመንፈቁ ሚስቱን ይዞ ተመለሰ። ዕይታው ሙሉ ነው፤ በጠብታ ተይዟል፤ ባንዲራውም በእጁ ነው። ሚስቱ የቀይዋን ሁለት እጅ ይዛ ሳመቻቸው።

ቀይዋ ዋና ዳኝነቱን ካቆመች ወዲህ የዳኞች አሠልጣኝ ሆናለች። ቁጣዋ ያው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ሜዳ የገቡት አራቱም ዳኞች የእሷ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዋናዋ ዳኛ ሴት ናት። ቀይዋ ሜዳው በሙሉ ፊት ለፊቷ ከሚታይበት ከላይኛው መቀመጫ ሆና አየቻቸው። በዘጠና አንደኛው ደቂቃ ከባድ የቅጣት ምት ተሰጠ፤ ሜዳው ግማሹ ጮኸ፤ ዳኛዋ ንቅንቅ አላለችም። ትክክል ነበረች። ሽቦው ከጎኗ «እንዲህ ነው የምታስተምሪው?» አለ። «እንዲህ ነው!» አለች፤ አፏን ሞልታ።

ሰሞኑን ሕክምናዋን ከጀመረች ሰባተኛው ዓመት ሞላና ለምርመራ ሄደች። ግራው አሥራ ሦስት፣ ቀኙ አሥራ አራት። ጨለማው ክፍል ገብታ ቁልፉን ተጫነች። ሐኪሟ የሰባቱን ዓመት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደረችና ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ጥቁሩ ባለበት ቆሟል። አንዲት ነጥብ አልገፋም።

«እንደነበረ ነው» አለች ሐኪሟ። በሙያዋ ከዚህ የሚበልጥ ቃል የላትም። «ሰባት ዓመት ሙሉ እንደነበረ ነው! ይሄን ወረቀት ለአዲስ ታማሚዎቼ ላሳይ ትፈቅጂልኛለሽ?»

«ስሜን ጨምረሽ አሳዪ» አለች ቀይዋ፤ «እውነተኛውን ስሜን።» ቀጠሮዋን ተቀብላ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ደረጃውን ጫፉን እያየች፣ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል ወረደች። መንገዱን ስትሻገር አንገቷን ግራና ቀኝ በደንብ አዞረች። ከሜዳው ስትደርስ አዲሶቹ ሠልጣኞች ተሰልፈው ይጠብቋታል፤ ሃያ ሁለት ናቸው፣ ዘጠኙ ሴቶች። «ሩጫ!» አለቻቸው ገና ከበሩ፤ ራሷም ከፊት ሆና ጀመረች።